አሥር ዓረፍተ ነገር ስለ ትናንት

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ፣ በሁለት እጄ ከረጢት አንጠልጥዬ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ሳልፍ፣ ከተከፈተው መስኮት የልጆች ድምፅ መጣ። መምህርቷ «ጎ» ስትል ልጆቹ ባንድ ላይ «ዌንት» ይላሉ፤ «ሲ» ስትል «ሶ»፣ «ኢት» ስትል «ኤት»፤ የእንግሊዝኛን ያለፈ ጊዜ ግስ እየተለማመዱ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ልጅነቱ ትዝ ብሎት ፈገግ ይል ይሆናል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ያደረግሁት ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ ማየት ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው የሱፍ አበባ ፍሬ ከሚፈለፍሉ አንድ ሽማግሌ በቀር ማንም አልነበረም፤ እሳቸውንም ለጥቂት ጊዜ ተጠራጠርኳቸው።

እኛ ቤት ያለፈ ነገር እየተጠና የሚያዝ ነበር፣ ያውም እንግሊዝኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን ሳላውቅ። ጎንደር እያለን ወደ እስራኤል ለመሄድ የተመዘገበ ሰው ሁሉ ተራው ሲደርስ ጠያቂዎች ፊት ይቀርብ ነበር፤ አያትህ ማን ይባላሉ፣ የት ተቀበሩ፣ ከዚያ መንደር መቼ ወጣችሁ፣ ለምን ወጣችሁ። አባባ የሰባት ቤት ስሙን እንደ ውሃ ይጠጣው ነበር፤ ያም ሆኖ ራት ከበላን በኋላ እኛን ልጆቹን በመደዳ አስቀምጦ ያስጠናን ነበር፣ ጠያቂዎቹ ልጅንም ድንገት ይይዛሉ ተብሎ ስለተወራ። አንዱ ልጅ «አያታችን ወንዝ ማዶ ተቀበሩ» ብሎ ሌላው «ወንዝ ወዲህ» ካለ፣ የቤተሰቡ ፋይል ገደል ገባ ማለት ነበር። በመጨረሻ ግን ተጠርተው የገቡት አባባና እማዬ ብቻ ነበሩ፤ እኔና ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ ከታላቅ እህታችን ከጥሩዬ ጋር ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ቆሎ እየበላን ጠበቅናቸው።

ጥሩዬ እኔን በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እማዬ በወንድሞቼ ስትያዝ እኔን ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች፣ ድክ ድክ ስል ይዤ የቆምኩት የእሷን ቀሚስ ነው። ያን ጊዜ ካገባች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። እኛ ተፈቅዶልን ስንነሣ እሷ ቀረች፤ «ባል ስላላት በራሷ ፋይል ትመጣለች፣ ቶሎ ነው» ተባልን። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ቶሎ ማለት ሳምንት ይመስለኝ ነበር።

ቤር ሼቫ ከተማ ገብተን ሽኩና ቤት በሚባል ሰፈር፣ አሮጌ ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ተቀመጥን። አባባ የከተማውን ሣርና አበባ የሚያጠጣ ሥራ አገኘ፣ እማዬ በአውቶቡስ ዖሜር ወደሚባለው የሀብታሞች መንደር እየሄደች የሰው ቤት ታጸዳ ነበር፣ ወንድሞቼ መሳፍንትና አዲሱ በሁለት ዓመት ውስጥ አማርኛቸውን ጥለው በዕብራይስጥ መደባደብ ጀመሩ። ሁሉም ነገር ሲለወጥ የአባባ ጥርጣሬ ብቻ ፍንክች አላለም። በፖስታ ሣጥናችን ላይ ስማችንን አልጻፈም፤ በሩ ሲንኳኳ እስኪደገም ድረስ ማንም እንዳይተነፍስ ያደርግ ነበር፤ በስልክ ሲያወራ ጥሩዬን በስሟ አይጠራትም፣ «ያቺ ልጅ» ይላታል እንጂ። ፎቁ ሥር የሚኖሩት ጎረቤታችን እማማ ዘውዲቱ፣ ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድመው የመጡ፣ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ሳያቋርጡ የያዙ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ እኛ ደግሞ አያቶቻችን ክርስትና ገብተው የኖሩብን፣ ገና ወደ አይሁድነት መመለሻውን ትምህርት የምንማር አዲስ መጤዎች። ዓርብ ዓርብ የሰንበት ዳቦ ይልኩልን ነበር። አባባ ዳቦውን ይበላና፣ ጉንጩ ሞልቶ እያለ፣ «ለምንድን ነው የሚልኩልን?» ይል ነበር።

አንድ ዓርብ እማማ ዘውዲቱ ራሳቸው ዳቦውን ይዘው ወጥተው «ያቺ ጥሩዬ የምትባለው ልጃችሁ መች ትመጣለች?» ብለው ጠየቁ። አባባ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ሸኛቸውና በሩን ዘግቶ ሁላችንንም አንድ በአንድ «ስሟን ማን ነገራቸው?» እያለ መረመረን። የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ፣ ደረጃ ላይ፣ ስለ ጥሩዬ የሚጠይቀኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ። አላመንኩም። መሳፍንት ተጠርጥሮ፣ አባባ ሁለት ቀን አኮረፈው።

የበዓላቱ ወር አልፎ፣ ሙቀቱ ጋብ ብሎ፣ ትምህርት የምር ሲጀመር እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። እንግሊዝኛ የምታስተምረን ሞራ ስቬታ ትባል ነበር፤ ሞራ በዕብራይስጥ መምህርት ማለት ነው። ከሩስያ የመጣች፣ አጭር፣ ዕብራይስጡን እንደኛው እየሰበረች የምትናገር ሴት ነበረች። ያለፈውን ጊዜ ካስተማረችን በኋላ አሥር ጥያቄ የታተመበት ወረቀት አደለችንና ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስለ ራሳችን፣ ስለ ድሮ፣ ጽፈን እንድናመጣ አዘዘችን። እኔ እንግሊዝኛ እወድ ነበር። በዕብራይስጥ ሁሉም ልጅ ይቀድመኝ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁላችንም ዜሮ ላይ ነበርን።

ማታ አባባ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሺዑሬይ ባይት። የቤት ሥራ ነው፣ የእንግሊዝኛ።»

«ምን ይላል?»

ጣቴን እያስኬድኩ ተረጎምኩለት። ልጅ ሳለሽ የት ኖርሽ? ከማን ጋር ኖርሽ? ማን ምግብ ሠራ? ቤተሰብሽ በበዓል ቀን ምን አደረገ? ከዚያ ወዴት ሄዳችሁ? ለምን ሄዳችሁ? አባባ አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ በካልሲ እንደሆነ፣ ማውለቁን ትቶ ያዳምጠኝ ነበር።

«ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም» አለ። «ይሄማ ቃለ መጠይቁ ነው።»

«አባባ፣ ሞራ ናት የሰጠችን።»

«ለሁሉም ነው የሰጠችው? የሩስያዎቹ ልጆች ወረቀት ላይም ይኸው ነው የተጻፈው? አይተሻል?»

አላየሁም ነበር። በማግስቱ እንዳይ አዘዘኝ፤ እኔም በእረፍት ሰዓት የሁለት ልጆች ወረቀት ሰርቄ አየሁና ያው መሆኑን ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። «እንግዲያውስ ሁሉንም ነው የሚመረምሩት» ብሎ ቁጭ አለ።

ያን ማታ አጠገቤ ተቀምጦ መልሶቹን አንድ በአንድ መርጦ ሰጠኝ። «ያልተጠየቅሽውን አትጨምሪ፣ የተጠየቅሽውን አሳጥሪ» አለኝ። የት ኖርሽ? ቤት ውስጥ ኖርኩ። ማን ምግብ ሠራ? እናቴ ሠራች። የበዓሉ ጥያቄ ላይ ስንደርስ በጣቱ መታ መታ አደረገው፣ «ይችን ነው የፈለጓት» አለ፤ ጎንደር እያለን ከጎረቤት ጋር ጥምቀት እንወርድ እንደነበር እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ። «በላን፣ በይ» አለኝ። «የበላ ሰው አይከሰስም።» በላን ብዬ ጻፍኩ።

«ከማን ጋር ኖርሽ የሚለውስ? ጥሩዬን ልጻፍ?»

«አትጻፊ።»

«ለምን? እኛ'ኮ እንድትመጣ እየጠየቅንላት ነው።»

«የጥሩዬን ነገር እኔ ይዤዋለሁ» አለ። እማዬ የምታጥበውን ሳህን አስቀምጣ፣ ውሃውን እንኳ ሳትዘጋ፣ ወደ መኝታ ክፍል ገባች። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ጥናቱ እንደ ጎንደሩ ሆነ። አባባ እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቅም፤ ግን ማታ ማታ ፊቱ አቁሞ አሥሩን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ያስወጣኝ ነበር፣ እሱም በጣቱ ቃሉን ይቆጥር ነበር። «አራተኛው ትናንት አራት ነበር፣ ዛሬ አምስት ሆነ፤ ምን ጨመርሽ?» ብሎ ያስቆመኛል። እኔም «በጣም» የምትል ቃል አስገብቼ ተገኝቻለሁ፤ አወጣት ነበር። በዚያ ዘዴ ከክፍላችን ልጆች ሁሉ ያለፈ ጊዜን አንደኛ ያጠናሁ እኔ ነበርኩ፤ ያጠናሁት ቤተሰብ ግን ቤት ውስጥ ኖሮ፣ በልቶ፣ ተኝቶ፣ በአውሮፕላን የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ቤተሰብ ነበር።

ክረምቱ ገባ። በዚህ አገር ክረምት ዝናቡ ትንሽ ነው፣ ብርዱ ግን ከወለሉ ጡብ ተነሥቶ አጥንት ድረስ ይገባ ነበር፤ እኛም በአንድ ማሞቂያ ዙሪያ እየተጋፋን እናጠና ነበር። ሞራ ስቬታ ወረቀቴን መለሰችልኝ፤ ስሕተት የለበትም፣ ግን ከታች «ጨምሪ» የሚል ጽፋበታለች። ሌላ ወረቀት ስሰጣት እንደገና «ጨምሪ»። ከዚያም አንድ ቀን ከክፍል አስቀርታ፣ በመንፈቁ መጨረሻ ክፍሉ በሁለት እንደሚከፈል፣ ጎበዞቹ ከፍተኛው ቡድን እንደሚገቡ፣ እኔ ግሱን ሁሉ እያወቅሁ ምንም እንደማልናገር ነገረችኝ። «አንቺ ውስጥ ታሪክ አለ» አለችኝ፣ በዚያ በተሰበረ ዕብራይስጧ። እንዴት አወቀች ብዬ ፈራሁ። ከእማማ ዘውዲቱ ጋር አንድ ላይ ያየኋቸው ጊዜ እንዳለ ለማስታወስ ስሞክር ዋልኩ።

ከፍተኛውን ቡድን ግን ፈለግሁት። ከልቤ ፈለግሁት፣ ምክንያቱም በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ከእኛ ልጆች አንዱም እዚያ ገብቶ አያውቅም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር ተቀምጬ ሌላ ወረቀት ጻፍኩ፤ ብዕሩን ስይዘው የመጣችልኝ ጥሩዬ ነበረች። እህቴ አዘለችኝ። እህቴ ጸጉሬን ሠራች። እህቴ ቆሎ ቆላች። እኔ በላሁ። ወንዙ ሞላ። እህቴ አሻገረችኝ። እኛ ወደ አውቶቡሱ ገባን። እህቴ ቆመች። አውቶቡሱ ሄደ። እህቴ አልመጣችም። ስጨርስ ቆጠርኩት፤ አሥር ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ሁሉም እውነት። ለአባባ ማታ ያንኑ የድሮውን በቃሌ ወጣሁለት፤ ቃሉ ልክ ስለነበር ራሱን ነቀነቀልኝ።

ወረቀቱ ሲመለስ ጠርዙ ላይ በቀይ ቀለም «በጣም ጥሩ» ተብሎ፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ጥያቄ ተጽፎ ነበር፤ «አሁን የት ናት?» የሚል። ያቺን ቀይ ጥያቄ በእጄ ሸፈንኳት። አባባ እውነቱን ነው አልኩ፤ አንድ ነገር ስትሰጫቸው ሁለተኛውን ይጠይቁሻል። መልስ አልጻፍኩም። ሞራ ስቬታ ግን ወረቀቱን መልሳ ወሰደችና፣ ጎበዝ ከተባሉ ሌሎች አምስት ወረቀቶች ጋር፣ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

በዚያው ሳምንት ዮም ሆሪም፣ የወላጆች ቀን፣ ነበር። ብዙውን ጊዜ እማዬ ነበረች የምትመጣው፤ እሷ ታመመችና አባባ የሰንበት ኮቱን ለብሶ፣ መታወቂያዎቻችንን ሁሉ በፌስታል ይዞ መጣ። ልክ እንደገባ ግድግዳውን አየ፣ የእጅ ጽሕፈቴንም ለየው፤ ፊደሉን አያነብም፣ ግን እኔ ስጽፍ ከጎኔ ሆኖ ብዙ ማታ አይቶታል።

«አንብቢልኝ» አለኝ።

ወረቀቱን እያየሁ «ቤት ውስጥ ኖርኩ፣ እናቴ ምግብ ሠራች፣ በላን» እያልኩ የድሮዎቹን አሥሩን በአማርኛ ነገርኩት። ጣቱ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሲቆጥር ይታወቀኝ ነበር። ሞራ ስቬታ መጣች፣ እጁን ጨበጠችው፣ ቀስ ብላ እንዲገባው አድርጋ ስለ እኔ ተናገረች፣ ከዚያም ወደ ወረቀቱ እያመለከተች ስለ እህቴ የጻፍኩትን እንደወደደችው ነገረችው። የአባባ ዕብራይስጥ ከሥራው ቦታ አይዘልም፤ «አኾት» ማለት እህት መሆኑን ግን ያውቃል። ወደ እኔ ዞረ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ በጥፍሩ ይልጥ ጀመር።

ሞራ ስቬታ ትንሽ አየችው። ትጮህበታለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ተጠግታ እሱ ያልደረሰበትን ጠርዝ ራሷ ላጠችለትና በሁለት እጇ ሰጠችው። አባባ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ወደ ቤት ስንሄድ ከእኔ ሁለት እርምጃ ቀድሞ እየተራመደ ቀደደው፤ ግማሹን መንገዳችን ላይ ያለው የመጀመሪያው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ፣ ግማሹን ደግሞ አንድ ሰፈር አልፈን ሌላው ውስጥ ጣለው፣ ማንም እንዳይገጣጥመው። «ለእሷ ብዬ ነው፣ ስንዱ» አለኝ፣ ሳይዞር። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሞራ ስቬታ ባዶ ወረቀት ሰጥታኝ «ከፈለግሽ ስለ ድመት ጻፊ» አለችኝ። ከመጣችበት አገር የወላጅ ፍርሃት ምን እንደሚመስል ታውቅ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ይህችም አንድ ወጥመድ መሰለችኝ። ስለ ድመት ጻፍኩ። ድመቷ ዘለለች፣ ድመቷ ወተት ጠጣች፣ ድመቷ ጠፋች፣ ድመቷ ተመለሰች፤ እስከ መንፈቁ መጨረሻ ያቺ ድመት ያላደረገችው ነገር አልነበረም፣ እኛ ግን ድመት አልነበረንም። በድመቷ ከፍተኛው ቡድን ገባሁ።

ጸደይ ሆኖ፣ ፋሲካ አልፎ፣ አሸዋ የያዘው ሞቃት ነፋስ መስኮቱን ቢጫ ሲያደርገው ደብዳቤ መጣ። በዕብራይስጥ የሚመጣን ደብዳቤ ሁሉ የማነበው እኔ ነበርኩ። የጥሩወርቅ፣ ማለትም የጥሩዬ፣ ማመልከቻ ይላል፤ የቀረበው ቃል ቀድሞ ከተሰጠው ቃል ጋር ስለማይስማማ፣ ተጨማሪ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ ውሳኔ አይሰጥም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀድሞ የተሰጠው ቃል የአባባ ነው፤ የማይስማማው ደግሞ የእኔ፣ ያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው። ከኤንቨሎፑ ውስጥ የተገጣጠመ ወረቀቴ ይወጣል ብዬ ገልብጬ አራገፍኩት። አባባ ደብዳቤውን ተቀብሎኝ «የሆነ ክፉ ሰው ወሬ አቀብሎብናል» አለ። እማዬ ተነሥታ ወጣች። አባባ ዓይኔን ሳያይ የቀረው አዝኖልኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት አልወዳቸውም። እሑድ እሑድ አባባ የስልክ ካርድ ገዝቶ ጎንደር ይደውል ነበር፤ ጥሩዬ ሁሉንም ሰላም ብላ «ስንዱን ስጡኝ» ስትል እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ውሃ እከፍት ነበር። ወንድ ልጅ ወለደች፣ ሴት ልጅ ወለደች፣ በስልክ ውስጥ ሲያለቅሱ ይሰማ ነበር፤ እነዚያ ልጆች በእኔ ምክንያት እዚያ እንደሚያድጉ አውቅ ነበር፣ ማለትም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። የሚያቀርበኝን ሰው ሁሉ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ፤ ጓደኛ ቤተሰቤን ከጠየቀኝ ጓደኝነቱን አቆመዋለሁ። አባባ ይህን እያየ «ይህች ልጅ ብልህ ናት» ይል ነበር።

አሥረኛ ክፍልን በጨረስኩበት በጋ ጥሩዬ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣች። ዘጠኝ ዓመት ሆኖ ነበር። አባባ አንገቷን አቅፎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ኤርፖርቱ መሐል አለቀሰ፤ እኔ ከኋላ ቆሜ የልጇን ቦርሳ ያዝኩ። መጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከእኛ ጋር ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን በረንዳው ላይ ልብስ ስታሰጣ፣ እርጥቡን እያቀበልኳት ሳለሁ፣ አልቻልኩም።

«ጥሩዬ፣ አንቺን ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳት።

የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ ሳቀች፤ ማልቀሴን ስታይ አቆመች።

«ይሄን ይዘሽ ነው ስልክ የማታነሺው? ለአንዲት የእንግሊዝኛ ወረቀት?» አለችና በበረንዳው በር ወደ ውስጥ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። የመጀመሪያ ቀን ስቀርብ ጠያቂዋ ፋይል ከፈተች። ‹አባትሽ ሦስት ልጆች አሉኝ ብሎ ነው የፈረመው፤ ስንዱ፣ መሳፍንት፣ አዲሱ። አንቺ ማን ነሽ?› አለችኝ።»

እርጥቡ አንሶላ እጄ ላይ ቀረ።

«ያኔ እንጠብቅበት የነበረው ግቢ ውስጥ ወሬ ነበር፤ ያገባች ልጅ ያስመዘገበ ሰው የቤተሰቡ ሁሉ ፋይል ይታገድበታል የሚል። ውሸት ነው፣ ግን ሁሉም አመነው። አባባም ፈርቶ አላስቆጠረኝም። ኋላ አመጣታለሁ ብሎ ነው።»

«እማዬስ?»

«አጠገቡ ተቀምጣ ነበራ። እኔ'ኮ ውጭ እናንተን እየጠበቅሁ ነበር።» አንሶላውን ከእጄ ወስዳ ገመዱ ላይ ዘረጋችው። «ከዚያ ልጁ መሆኔን ለማስረዳት ምስክር አቆምኩ፣ ደም ሰጠሁ፤ ከእሱም ወስደዋል፣ ለእናንተ ምን እንዳላችሁ እንጃ።»

«ለስኳር ምርመራ ነው ብሎን ነበር» አልኳት።

«ያቺን ወረቀትሽን ባይቀድዳት ኖሮ እሷም ምስክር ትሆነኝ ነበር» ብላ ፈገግ አለች፤ እኔ ግን ፈገግ ማለት አልቻልኩም። በሦስት ልጅ አባትነት ፈርሞ የገባ ሰው፣ አራተኛዋን በልጁ እጅ ተጽፋ ግድግዳ ላይ ሲያያት ምን እንደተሰማው ያን ጊዜ ገባኝ። ተናደድኩበት። እንደዚያ ቀን ተናድጄበት አላውቅም።

«እንደምታውቂ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ እንዳያውቅም። ያፍራል። ዘጠኝ ዓመት የቆየሁት አባቴን ላሳፍረው አይደለም። ማዪልኝ።»

«ምን ታወራላችሁ እናንተ?» አለ አባባ ከውስጥ፣ በዚያ በጥርጣሬ ድምፁ።

«ልብስ እያሰጣን ነው አባባ» አለች ጥሩዬ፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል። ማልኩላት።

አሁን ጥሩዬ ከወላጆቼ ቤት ሁለት መንገድ አልፋ ትኖራለች፤ ልጆቿ ለእናታቸው በዕብራይስጥ ይመልሳሉ፣ እኔም የራሴ ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁላችንም አባባ ዘንድ እንሰበሰባለን፤ ጡረታ ወጥቷል፣ ጆሮው ከብዷል፣ እንግዳ ካለ ደግሞ ያንን ታሪክ ሳያነሣ አይቀርም፤ ልጁን ዘጠኝ ዓመት እንዳስቀሩበት፣ የሆነ ክፉ ሰው ወሬ እንዳቀበለበት። እማዬ ሳህን ለማንሣት ትነሣለች። በልጅነቴ ዝም የምለው የሠራሁት እንዳይነሣብኝ ነበር፤ ዛሬ ዝም የምለው የሠራውን ማወቄን እንዳያውቅ ነው፣ ንዴቱም ከስንት ዓመት በፊት ወጥቶልኛል። ግን የእሱ ልጅ ነኝና መጠርጠር አልተውኩም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያን ሲያወራ እንግዳውን ሳይሆን ጥሩዬን እንደሚያይ አስተውያለሁ፤ «የሆነ ክፉ ሰው» ካለ በኋላ ቆም ይላል፣ አንዳችን የሰውየውን ስም እንድንጠራለት የሚጠብቅ ይመስለኛል። ጥሩዬ ብርጭቆውን ታቀብለዋለች፣ «ጠጣ አባባ» ትለዋለች፤ እሱም ዓይኗን እያየ ይጠጣል።